ለማታነብ ልጅ ጭብጨባ

ሥልጠና የሚባል ነገር ለዓመታት ሰጥቻለሁ፤ አሁን አሁን ቃሉ ራሱ ጨጓራዬን ይልጠዋል። ባህል አዳራሽ አካባቢ ካሉት የስብሰባ አዳራሾች በአንዱ መምህራን ይሰበሰባሉ፤ ባነር ይሰቀላል፤ የታሸገ ውሃ ይታደላል። የመክፈቻ ንግግር አለ፤ ከመክፈቻው በፊት ደግሞ መክፈቻውን የሚከፍት ሌላ ንግግር። የኔ ተራ የሚደርሰው ሰው ሁሉ ምሳውን ማሰብ ሲጀምር ነው። ያኔ ተነሥቼ ማንበብ ስለሚያቅታቸው ልጆች አወራለሁ። እዚሁ ሀዋሳ ውስጥ ሥራዬ ይኸው ነው፤ መምህራንን ማሠልጠን። እናቴ በሕይወት ሳለች «አንቺ ምላስሽን ሰብስበሽ ብታስተምሪ የት በደረስሽ!» ትለኝ ነበር። አልሰበሰብኩትም።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል በሰጠሁት ሥልጠና፣ እንደ ልማዴ ፊደሎቹ የተገለባበጡና የተዘበራረቁ አንድ ገጽ ጽሑፍ ይዤ ገባሁ። ከፊት ለተቀመጡ አንድ ጎልማሳ መምህር ሰጠኋቸውና «ይነሡና ለሁላችን ያንብቡልን» አልኳቸው። ሰውየው ሁለት ቃል ሳይዘልቁ ተያዙ። ያኔ አንቱታዬን ትቼ ክፍል ውስጥ እንዳለ አስተማሪ ሆንኩ። «ቶሎ በል እንጂ! ትናንት ተምረነው የለም እንዴ? ጓደኞችህ ሁሉ ያነቡታል፤ አንተ ምን ሆነህ ነው?» ስል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ላብ በላብ ሆኑ።

«ምን ተሰማዎት?» አልኳቸው ወደ አንቱታዬ ተመልሼ።

«ሰው ፊት አዋረዱኝ፤ ሌላ ምን ይሰማኛል?» አሉ ግንባራቸውን እየጠረጉ።

«እንግዲያው ይህ ነገር በየቀኑ የሚደርስበት ልጅ ክፍልዎ ውስጥ አለ» አልኩ። ሳቁ ቆመ። ከዚያ ዲስሌክሲያ የሚባለውን አስረዳሁ። ዓይን ደህና፣ ጆሮ ደህና፣ አእምሮም ስል ሆኖ፣ ፊደልን ከድምፁ ጋር ማገናኘት ብቻ የሚያስቸግርበት ሁኔታ ነው። ስንፍና አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ፊደሉን በጣት እያስነኩ፣ ድምፁን እያሰሙ፣ ቃሉን እየቆራረሱ በትዕግሥት ካስተማሩት ልጁ ያነባል፤ ይዘገያል እንጂ ያነባል። «አትደብቋቸው» አልኩ በመጨረሻ። «አትለፏቸው፤ ፈልጋችሁ አግኟቸው።» ይህን ብዬ ስቀመጥ በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር። ምን ዋጋ አለው!

ሰዉ ሲበተን አንዲት ወጣት መምህርት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቀረች። ማስተማር ከጀመረች ብዙም አልቆየችም፤ ፊቷ ላይ ገና ድካሙ አልተቀመጠም።

«መምህር፣ አንዲት ልጅ አለችኝ» አለች። «ሲናገሩ ሁሉ ስለ እሷ የሚናገሩ መሰለኝ።»

ልጅቷ አራተኛ ክፍል ናት። ሒሳብ በቃሏ ትሠራለች። የሰንበት ትምህርት ቤት ጥቅስ ምዕራፍ ሙሉ ሳትሳሳት ታወርዳለች። መጽሐፍ ስትይዝ ግን ሌላ ነው። ጓደኞቿ ሲያነቡ ሰምታ ገጹን ትሸመድደዋለች፤ ስትጠራ ተነሥታ በሚያምር ድምፅ ታወርደዋለች፤ ገጹ ሲያልቅ ጣቷ ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ሌሎቹ መምህራን «ቤቷ የሚነገረው ሲዳምኛ ስለሆነ ነው፤ አማርኛው ከብዷት ነው» ብለው ነበር። በሲዳምኛው ክፍለ ጊዜ፣ በላቲኑ ፊደልም፣ ያው ናት። ወላጆቿ ቤተ ክርስቲያን ወስደው ጸልየውላታል። ልጅቷም አብራ ጸልያለች።

«ሱፐርቫይዘር ሲመጣስ?» አልኳት፤ መልሱን እያወቅሁ።

አንገቷን ደፋች። ይህን ነገር የማያውቅ መምህር በአገሩ የለም። ጎብኚ ሊመጣ ሲል ተማሪዎች «የምታውቁ ቀኝ እጃችሁን፣ የማታውቁ ግራ እጃችሁን አውጡ» ይባላሉ። ክፍሉ በእጅ ይሞላል፤ ጎብኚው ይደሰታል፤ መምህሩ ቀኝ ያወጣውን ብቻ ይጠራል። ልጅቷ ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ ግራ እጇን ስታወጣ ኖራለች።

«አባቷ ደግሞ የመጨረሻ ዓመቷ ነው ብለውኛል» አለች መምህርቷ። አባትየው ሐይቁ ላይ አሳ አጥማጅ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም። እሑድ እሑድ ሰባኪው ምዕራፍ ሲጠራ እሳቸው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያገኙበት ቦታ ላይ ገልጠው ይቀመጣሉ። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ትክክለኛውን ገጽ እንድትገልጥላቸው ብለው ነው ትምህርት ቤት የላኳት። «ዘንድሮ ካላነበበች ይበቃታል፤ እናቷ አሳ ስትጠብስ ታግዛት» ብለዋል። መምህርቷ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በይ ነይ» አልኳት፤ «አንቺም እኔም ይህቺን ልጅ ሳናስነብብ አንተኛም።»

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወደዚያ ትምህርት ቤት ባጃጅ እይዝ ጀመር። መምህርቷ የምትሠራው የተሰባበሩ ዴስኮች የሚከማቹበት ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር፤ በእረፍት ሰዓት፣ በሩ ገርበብ ብሎ። ቦታውን የመረጠችው ራሷ መምህርቷ ናት። ለሌሎቹ ልጆች ልጅቷ ዴስክ በመጥረግ እንደምታግዛት ነግራቸዋለች። ከሐይቁ ዳር ያመጣችውን አሸዋ ትሪ ላይ ዘርግታ፣ ልጅቷ ፊደሉን በጣቷ እየጻፈች ድምፁን ታወጣለች። ሰን ከበ ስታምታታ፣ ለን ከሉ ስታምታታ፣ መምህርቷ አሸዋውን አስተካክላ እንደገና ታስጀምራታለች። ቁጣ የለ፣ ጥድፊያ የለ። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር ስላልፈጠረብኝ ጥግ ይዤ ዝም እላለሁ።

መጀመሪያ ላይ ልጅቷ ጠላችን። እንዴት አትጠላን! መሸምደድ ከልክለናት ነበር። መምህርቷ ለሷ ብቻ አዲስ ዓረፍተ ነገር እየጻፈች ነበር የምታመጣው፤ ከማንም ሰምታ ልትይዘው የማትችለውን። ልጅቷ ወረቀቱን ታየውና ጥርሷን ነክሳ «ቲቸር፣ መጀመሪያ አንቺ በይው» ትላለች። መምህርቷ አትለውም። አንዳንድ ቀን ልጅቷ እያለቀሰች ትወጣለች፤ በማግሥቱ ግን ትመጣለች።

ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር ተጋመሰ። አንድ ቀን ዕቃ ቤቱ ስደርስ ልጅቷ ወረቀት ላይ አቀርቅራለች። «ድ... መ... ቷ... ወ... ተ... ቱን...» አለች። ቆመች። ከንፈሯን ላሰች። «ደፋችው» አለችና ሳቀች። ድመቷ ወተቱን ደፋችው። መምህርቷ በኋላ የነገረችኝን አልረሳውም፤ ማንበቧ ሳይሆን መሳቋ ነበር ያስለቀሳት። ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ስታወርደው የኖረችው ገጽ አንድም ቀን አስቋት አያውቅም ነበር። እኔም በባጃጅ ስመለስ ብቻዬን ስስቅ ሹፌሩ በመስታወት አየኝ።

እንግዲህ ወደ ርዕሰ መምህሩ ልምጣ። ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሬ ቀላል ነበር፤ ተሳድቤ እገላገል ነበር። ክፉ አይደለም። የመጸዳጃ ቤቱን በር በገዛ እጁ ያበጀ፣ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ግቢ የሚገባ፣ የልጆቹን ስም የሚያውቅ ሰው ነው። አንድ አመል ግን አለው፤ ጭብጨባ ይወዳል። ለነገሩ እሱ ብቻ ነው እንዴ? እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ የማይጨበጨብለት ነገር ምን አለ? ልጅ ጥያቄ ሲመልስ ይጨበጨብለታል፤ ሲሳሳትም «ስለሞከረ አጨብጭቡለት» ይባላል። እንግዳ ሲገባ ይጨበጨባል፤ ሲወጣም ይጨበጨባል። ርዕሰ መምህሩ የኔን ሥልጠና ወስዷል፤ ከልቡ ነው የወሰደው። መምህራኑን ሰብስቦ በየክፍሉ ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች አስለየ። መልካም አደረገ፤ እኔም አመሰገንኩት። ቀጥሎ ያሰበውን ግን ለማንም አልነገረም። አስደሳች ነገር መስሎት ለወላጆች ቀን በዓል ደብቆ ያዘው።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲያልቅ ወላጆች ተጠሩ። እኔን የክብር እንግዳ ብለው ከፊት አስቀመጡኝ፤ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባና ውሃ አለ። የሚኒ ሚዲያው ማይክራፎን ሲያፏጭ ቆይቶ ተስተካከለ። ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ተጠሩ፤ ወጡ፤ ተሸለሙ። እንደ ወጉ የየልጁ አባትና እናት ከሕዝቡ መሐል እየሮጡ ወጥተው ልጃቸውን ሳሙ፤ እልልታው ቀለጠ። መምህርቷ ከክፍሏ ተማሪዎች ጋር ቆማለች፤ ልጅቷም ከፊቷ ናት።

ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «አሁን ደግሞ ሌሎች ልጆቻችንን እንጠራለን። እነዚህን ልጆች አንደብቃቸውም!» አለ። ከሥልጠናዬ ላይ ያነሣትን ቃል ሲናገር ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። እኔ ክው አልኩ። ስም መጥራት ጀመረ። ልጆቹ አንድ በአንድ ወጥተው ባንዲራው ሥር ተደረደሩ። ደረታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ቢጫ ሪባን ይደረግላቸዋል፤ መምህራኑ እንዲለዩአቸውና እንዲረዷቸው ነው አሉ። ሕዝቡ «አጨብጭቡ!» ሲባል ያጨበጭባል።

የልጅቷ ስም ተጠራ። ወጣች። ልክ በዚያ ሰዓት አባቷ ከበሩ ገቡ። ሐይቁ ላይ ነፋስ አዘግይቷቸው ኖሮ፣ ካፖርታቸውን ደርበው፣ እየተቻኮሉ ነበር። የሰሙት የልጃቸውን ስም ብቻ ነው። ያዩት ልጃቸው ከፊት ቆማ፣ ደረቷ ላይ ሪባን ተደርጎላት፣ ግቢው ሲያጨበጭብላት ነው። እኚህ ሰው ሌላ ምን ይገምቱ? እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንሥተው እያጨበጨቡ በሕዝቡ መሐል ወጡ። ፊታቸው በራ። ደርሰው ልጃቸውን አቅፈው አገላብጠው ሳሟት። ልጅቷ እንደ እንጨት ደርቃ ቆመች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላ ሰው።

ርዕሰ መምህሩ የአባትየው ነገር ልቡን ነካው መሰለኝ፤ ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠግቶ «አባት፣ እንኳን ደስ አለዎት!» አለ። «ልጅዎ ማንበብ ከማይችሉት ጋር ልዩ ድጋፍ እንድታገኝ ተመርጣለች!»

የአባትየው እጅ አየር ላይ ቀረ።

ደሜ ፈላ። ተነሥቼ ማይክራፎኑን ልቀማው ወደ እሱ ስሄድ እሱ ንግግር ላደርግ የመጣሁ መሰለውና በፈገግታ ሰጠኝ። ያዝኩት። ሕዝቡ እያየኝ ነው፤ ልጆቹ ሪባናቸውን ለብሰው እያዩኝ ነው። ምን ልበል? «እነዚህ ልጆች ጎበዞች ናቸው» አልኩ። «ሞቅ አድርጉላቸው!» አለ ርዕሰ መምህሩ፤ ግቢው እንደገና በጭብጨባ ቀለጠ። አባትየው የልጃቸውን እጅ ይዘው በጎን በኩል ወጡ።

ሰዉ ሲሄድ ርዕሰ መምህሩን ቢሮው ውስጥ ይዤው የአፌን ሁሉ ነገርኩት። «ምን ሲደረግ ነው! ምን ነክቶዎት ነው! ያንን ሰውዬ ልጁ ፊት፣ ያቺን ልጅ አገር ፊት!» እያልኩ ጠረጴዛውን ደበደብኩት።

«በቅን ልቦና ነው ያደረግሁት» አለ። ግራ ገብቶት ነበር። «አትደብቋቸው ብለውናል እኮ። ሌላው ልጅ ሲጨበጨብለት እነሱ ለምን ይቅርባቸው ብዬ ነው።» ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔም ስድቤ አለቀብኝ። በልጅነቱ ማንም አጨብጭቦለት አያውቅ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ እንጃ። በማግሥቱ ሪባኑን ከሁሉም አስወለቀ። ልጅቷ ግን አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም። መምህርቷ በእረፍት ሰዓት ዕቃ ቤት እየገባች አሸዋውን ዘርግታ ትጠብቃታለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እኔና መምህርቷ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወረድን። ጠዋት የወጣው አሳ ተሸጦ አልቋል። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ባለ ረጅም እግር አሞራዎች፣ የተጣለ አንጀት እየተሻሙ ነው። የልጅቷ እናት ዳር ላይ ባለች የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ትጠብሳለች፤ ልጅቷ እሳቱ ሥር ቁጢጥ ብላ እንጨት ትገፋለች። አባትየው ከመጠለያው ጎን መረብ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይጠግናሉ። ሲያዩን ተነሡ። ሳጥን ገልብጠው አስቀመጡን።

«ደህና ናችሁ? ቤት ሁሉ ደህና?» አሉ። ጠየቅን፤ ተጠያየቅን። አሳ እንብላ አሉ፤ እግዜር ይስጥልን አልን። ከዚያ ነገሩን አነሣሁ።

«እህቴ፣ እኔ በማንም አልተቆጣሁም» አሉ። መርፌያቸው አልቆመም። «እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩ የኔ፣ የልጄና የቲቸሯ ነበር። አሁን እዚህ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጀልባ ላይ ይስቁብኛል፤ እንኳን ደስ አለህ ይሉኛል። ይህ እኔን ነው፤ ልቻለው። እሷ ግን ከሰንበት ትምህርት ቤትም ቀርታለች። ጥቅስ በይ ሲሏት ዝም ትላለች።»

መምህርቷ አላስቻላትም። «አባባ፣ ልጅዎ ታነባለች! እውነቴን ነው፤ ጀምራለች። እኔ ሰምቻታለሁ።»

መርፌው ቆመ። ሰውየው ቀና ብለው አይተዋት «ታነባለች?» አሉ። «እኔ ሰምቼ አላውቅም።» ዓይናቸውን ወደ እሳቱ አዞሩና ልጅቷን በሲዳምኛ ጠሯት። መጣች። ከስታለች፤ ቅንድቧ ላይ አመድ አለ።

«እንግዲህ እዚሁ ፊቴ ታንብብ» አሉ፤ እሷም እንድትሰማ በአማርኛ። «በቃሏ ያልያዘችውን ጻፉላት። አንድ መስመር ካነበበች ሰኞ እኔው ራሴ እጇን ይዤ አመጣታለሁ። በጌታ ስም እላችኋለሁ።»

ልቤ ዘለለ። አበቃ፤ ልጅቷ ተረፈች አልኩ። መምህርቷ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች፤ ዙሪያዋን ቃኘችና ጻፈች፤ «የአባባ መረብ ተቀደደ።»

ልጅቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለች። አየችው። ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አደረገች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አላወጣችም። ጣቷ ሄደ፣ ቆመ፣ እንደገና ሄደ፤ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ከዚያ ዓይኗ ከወረቀቱ ላይ ተነሥቶ አባቷ ጉልበት ላይ ወዳለው መረብ ሄደ፤ ቀጥታ ወደ ቀዳዳው። መምህርቷ ክንዴን ጨመቀችው። ሁለታችንም አይተናል።

«ምን ይላል?» አሏት አባቷ ጎንበስ ብለው። እየለመኗት ነበር።

«አላውቅም» አለች።

«አንብበሽዋል እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «የኔ ልጅ፣ አሁን አነበብሽው፤ እኔ ራሴ አየሁሽ! ለአባባ ንገሪያቸው፤ በሞቴ ንገሪያቸው!»

ልጅቷ ወረቀቱን አጥፋ ለመምህርቷ መለሰችላት።

«አላነበብኩም፤ ተሳስታችሁ ነው» አለች። «እኔ ያን ቀን ከተጠሩት ነኝ።»

እናቷ ጠራቻትና ወደ እሳቱ ሄደች። አባትየው ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያ መርፌውን አንሥተው ቀዳዳውን መስፋት ጀመሩ።